ፍሬን በጨለማው ግንብ ውስጥ

እህቴ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ናት። በስሟ የሚጠራት ሰው የለም፤ ከአለቃዋ እስከ ተሳፋሪዋ ሁሉም «ፍሬን» ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ አውቶቡሷ መቆሙ የሚታወቀው በሩ ሲከፈት ብቻ ነው ይላሉ። እሷ ስትነዳ ቆሞ የሚሄድ ሰው ብረቱን ሳይጨብጥ ጋዜጣ ገልጦ ያነባል። እኔ ታናሿ ደግሞ ፀጉር ሠሪ ነኝ። የእኔ ሥራ ከእጅ እኩል አፍ ስለሚጠይቅ ይህን ታሪክ ስንት ራስ ላይ እንዳወራሁት አላውቅም። ከዚህ በፊት ሰምታችሁት ከሆነ ደንበኛዬ ናችሁ ማለት ነው።

ነገሩ የመጣው አንዲት እናት የሕፃን ጋሪ እየገፋች ከቆሙ መኪኖች መሃል ድንገት ብቅ ያለች ቀን ነው። እህቴ በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጠችው። ጋሪው አልተነካም፤ ሕፃኑም ከእንቅልፉ አልነቃም አሉ። አውቶቡሱ ውስጥ ግን የቆመ ሁሉ እላይ በላይ ተደራርቦ ወደቀ። ባዶ ወንበር እያለ እንኳ መቆም የሚወዱ አንድ ጡረተኛ መምህር ትከሻቸው ተሰበረ፤ የእሷም የቀኝ እጅ አንጓ መሪው ላይ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ አመሰገናት። የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች አበባ ይዘው ቤት ድረስ መጡ፤ መምህሩም ከሆስፒታል ሆነው «እግርሽ ይባረክ» ብለው ላኩባት። እሷ ምስጋናውን ሁሉ አንገቷን ደፍታ ተቀበለች፤ እኔም ትሕትና መሰለኝ።

ጀሶው ሲፈታ እጇ የሌላ ሰው እጅ መስሎ ወጣ። ቀጥኗል፣ ገርጥቷል፤ አውራ ጣቷ ደግሞ ጭራሽ አልታጠፍ አለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አንድ የጎማ ኳስ ሰጠቻትና ጠዋት ማታ ጭመቂ አለቻት። እህቴ ጥቂት ቀን ጨመቀችና ሶፋ ሥር ወረወረችው፤ ሲያንከባልሉ መዋል የድመት ሥራ ነው ብላ።

መሥሪያ ቤቷ በበኩሉ አልጨከነባትም። የስምሪት ኃላፊው ደውሎ፣ አዲሱ የመስመር ድልድል እስኪወጣ ድረስ መስመሯን አንድ ጊዜያዊ ነጂ እንደሚይዝላት ነገራት። እጇ ሲድን ተፈትና ትመለሳለች። ድልድሉ እስኪወጣ ካልዳነ ግን መስመሩ ለሌላ ይሰጥና እሷ ቲኬት መስኮት ትቀመጣለች። ለሌላ ሰው ቲኬት መስኮት ጥሩ ሥራ ነው፤ ጥላ አለው፣ ወንበር አለው። ለእሷ ግን ቁጭ ብሎ ሌላው ሲሄድ ማየት ነው። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ አመድ መሰለ፤ እኔም በሆዴ ይህችን ሴት እዚያ መስኮት ውስጥ አላያትም ብዬ ማልኩ።

እንግዲህ ጌሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ልጄ ለትምህርት ሌላ ከተማ ስትሄድ መሳቢያዋ ውስጥ በእጅ የሚያዝ የጌም ማጫወቻ ትታ ሄዳ ነበር፤ መሃሉ ስክሪን፣ ግራና ቀኙ ቁልፍ ብቻ። አውራ ጣት የሚያሠራ ነገር ሁሉ ይጠቅማል ብላ የለ ባለሙያዋ? ለልጄ ደውዬ አክስትሽ ልትጫወትበት ነው ስላት እስክታነጥስ ድረስ ሳቀች። ውስጡ ያለው አንድ ጌም ብቻ ነው፣ እሱም የሚያስፈራ ነው፣ አክስቴ ደግሞ ድመት ሲጣላ ካየች ምግብ አይበላላትም አለች። እውነቷን ነው፤ ግን ሌላ ምርጫ አልነበረንም።

ጌሙ እንዲህ ነው። አንዲት ጥቁር ካባ የለበሰች ሴት በአንድ እጇ ፋኖስ፣ በሌላው ሰንሰለት ይዛ ክፍሉ ተቆጥሮ የማያልቅ ጨለማ ግንብ ውስጥ ትገባለች። ከግንቡ አናት ላይ፣ ከትልቅ የብረት በር ጀርባ፣ የሰው ደም እየጠጣ ስንት ዘመን የኖረው የግንቡ ጌታ በሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ተኝቷል። እሱ ዘንድ እስክትደርስ ድረስ የሌሊት ወፍ ይወርድባታል፤ አጥንት ተነስቶ ይሄድባታል፤ ራስ የሌላቸው መነኮሳት ሻማ ይዘው ከግድግዳ ውስጥ ይወጣሉ። ሙዚቃው ራሱ ቀብር ነው። እህቴ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ድምፁን ዘግታ፣ በአንድ ዓይኗ ብቻ እያየች ነው የተጫወተችው።

አጨዋወቷን ብታዩ ግን ፍርሃቱን ትረሱታላችሁ። ስትቀመጥ መጀመሪያ ትራሷን ከወገቧ ታስተካክላለች፤ ከዚያ የጠረጴዛውን መብራት እንደ መኪና ስፖኪዮ መስተዋት ዞር ዞር ታደርገዋለች። ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ከመግባቷ በፊት ባለፋኖሷን ደፍ ላይ አቁማ ግራ ቀኝ ታያለች። መተላለፊያው ጠባብ ከሆነ ለሚመጣው አጽም ቅድሚያ ትሰጣለች፤ አጽሙም ቅድሚያውን ተቀብሎ አንገቷን ይቀላታል። በየሻማው ሥር ትቆማለች። ለምን ትቆሚያለሽ ስላት ለምዶብኝ ነው ትላለች። ግንቡ ውስጥ በሰንሰለት የሚጎተት ሊፍት አለ፤ እሱ ላይ ወጥታ ቶሎ አትንቀሳቀስም፣ የሚመጣ ሰው ሊኖር ይችላል ብላ። በዚያ ግንብ ውስጥ የሚመጣ ሰው ካለ በጥርሱ የሚመጣ ነው።

ቢሆንም ቀጠለችበት። ጣቷ እየተፍታታ ሲሄድ እሷም እየተፍታታች ሄደች። ሻይ ስጠጣ ማንኪያ እንዳላንኳኳ ትከለክለኝ ጀመር፤ የሌሊት ወፎቹን ድምፅ እየሰማሁ ነው ትላለች። ከዚያ በኋላ ነው የተጣበቀችው። የብረቱ በር ጋ ደረሰች፤ በሩ ግን ቁልፍ ይፈልጋል፤ ቁልፍ ደግሞ የለም። ግንቡን ከላይ እስከ ታች ዞረችው፤ ደግማ ዞረችው። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ እየዞረች፣ ከሰዓት ስመለስ እየዞረች አገኛታለሁ። ጠባይዋ ተበላሸ። ጌሙን የሠራው ሰው ቁልፉን ረስቶታል፣ ለፋብሪካው ይጻፍልኝ እስከ ማለት ደረሰች።

አንድ ቀን ማጫወቻውን ነጠቅኳትና ካርታውን ከፈትኩት። እኔ ጌም አላውቅም፤ ካርታ ግን ካርታ ነው። እሷ የሄደችበት መንገድ በብርሃን ተስሏል፤ ልክ እንደ አውቶቡስ መስመር ክብ ሠርቶ ወደተነሳበት ቦታ ይመለሳል። በግራና በቀኝ ግን ትናንሽ ክፍሎች አሉ፣ አንዳቸውም አልተገባባቸውም፤ ሁሉም ጨለማ ናቸው።

«እትዬ፣ እነዚህ ውስጥስ ለምን አልገባሽም?»

«መውጫ የላቸውማ» አለችኝ፣ እንዴት ይህ ይጠየቃል በሚል አነጋገር። «አታዪም? በአንድ በኩል ብቻ ነው ክፍት። ገብቼ የት ልዞር ነው?»

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። የአውቶቡስ ነጂ ቤት ውስጥ ስላደግኩ ሳይሆን አብሬያት ስለኖርኩ አውቃለሁ፤ ለእነዚህ ሰዎች መውጫ የሌለው መንገድ ማለት ወረርሽኝ ነው። ቤት የሚያህል ነገር ይዘህ ትገባለህ፤ መዞሪያ የለም፤ ከኋላህ መኪና ይቆምብሃል፤ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ወጥቶ አንዱ ና ና ይላል፣ ሌላው ኧረ ቁም ይላል። ተሳፋሪው ሰዓቱን እያየ ይነጫነጫል። እህቴ በሥራ ዘመኗ አንድም ጊዜ እንዲህ ዓይነት ጉድ ውስጥ ገብታ አታውቅም፤ የምትኮራበትም ነገር እሱ ነው። የግንቡን መውጫ የለሽ ክፍሎች ሁሉ ገና ከሩቅ አይታ እየጠመዘዘች አልፋቸዋለች።

«እትዬ» አልኳት፣ በተቻለኝ መጠን ቀስ ብዬ፣ «እግረኛ እኮ ናት።»

 ስክሪኑን ወደ ዓይኗ አቀረበችና የባለፋኖሷን እግሮች ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። እኔ ከዚያ በላይ መቻል አልሆነልኝም፤ ወንበሩን ይዤ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። ለልጄ ደውዬ በስፒከር ስነግራት እሷም ከዚያ ማዶ ተንፈራፈረች። ሲወጣላት ግን፣ አክስቴ ሆይ፣ ቁልፉም ጫማውም መድኃኒቱም ሁሉ ያለው እኮ መውጫ በሌለው ክፍል ውስጥ ነው፣ ጨዋታው እሱ ነው አለቻት። እህቴ ይህን ያወጣው ሰው መንጃ ፈቃድ የለውም አለችና ማጫወቻውን ከእጄ ወሰደች።

የመጀመሪያውን ክፍል የገባችው በኋላዋ ነው። እውነቴን ነው፤ ማጫወቻው ላይ ባለፋኖሷ ወደ ኋላ የምትንሸራተትበት ቁልፍ አለ፣ እሱን እየነካካች በጀርባዋ አስገባቻት፣ ስትወጣ ፊቷ ወደ በሩ እንዲሆን። ውስጥ የተቀመጠ የሌሊት ወፍ ማጅራቷን ይዞ ጨረሳት። በሁለተኛው ሙከራ እንደ ሰው በፊቷ ገባች። ጥግ ላይ ሣጥን ነበር፤ ስትከፍተው ከፍ አድርጎ የሚያዘልል ጫማ ወጣ። እህቴ ከሶፋው ብድግ ብላ ጫማውን ለእኔ አሳየችኝ፣ አሁኑኑ ከሱቅ እንደገዛችው ዓይነት። ከዚያ ቀን በኋላ የቀራት ጉድጓድ የለም። ምድር ቤት ትገባለች፣ መቃብር ታንኳኳለች፣ ከምድጃ ጀርባ ትሾልካለች። ያቺ አጽም ሲመጣ ቅድሚያ የምትሰጥ ሴት መሮጥ ጀመረች።

ቤት ብቻዋን መሆን ሲሰለቻት ከሰዓት ከሰዓት ማጫወቻዋን ይዛ እኔ ፀጉር ቤት ትመጣለች። ከተበላሸው የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር ያለው ወንበር የእሷ ሆነ። ደንበኞቼ መጀመሪያ ተሳቀቁ፤ ኋላ አንድ ሁለቱ አንገታቸውን አስግገው ማየት ጀመሩ፤ በመጨረሻ ቀጠሮ ሲይዙ ፍሬን ትኖራለች ወይ እያሉ ይጠይቁኝ ያዙ። አንዲት የባንክ ሠራተኛ ፀጉሯ ደርቆ ካለቀ በኋላ እንኳ ጓዳው ውስጥ ያለው ቁልፍ ሳይገኝ አልሄድም ብላ ቁጭ አለች።

የግንቡን ጌታ የገጠመችው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የብረቱ በር ተከፈተ፤ የሬሳ ሣጥኑ ክዳን ተንሸራተተ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው በሙሉ፣ ቢጉዲን የተጠቀለለውም፣ ቀለም የተቀባውም፣ ከእህቴ ወንበር ጀርባ ተሰበሰበ። ጌታው መጀመሪያ ሰው ነበር፤ ሲመታ ጭስ ሆነ፤ ከጭሱ ተኩላ ወጣ፤ ተኩላው ሲወድቅ የሌሊት ወፍ መንጋ ሆኖ ስክሪኑን ሞላው። እህቴ ጥርሷን ነክሳለች። ትዘላለች፣ ትንሸራተታለች፣ በሰንሰለቱ ታንቃለች፤ አውራ ጣቷ እንደ ስፌት መኪና መርፌ ይወርዳል ይወጣል። ጌታው በመጨረሻ አመድ ሆኖ ሲበተንና በግንቡ መስኮት ፀሐይ ስትገባ ሴቶቹ አጨበጨቡ። የአንዷ ቀለም ሰዓቱ አልፎ ብርቱካናማ ሆኖ ቀረ፤ እሷ ራሷ ግን አልተቀየመችም።

እኔ አላጨበጨብኩም። የማየው አውራ ጣቷን ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ቁርስ ላይ የማርማላታውን ጠርሙስ ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ እጄ አልቻለም ክፈቺልኝ ብላኝ ከፍቼላታለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀንም እንዲሁ። የስምሪት ኃላፊው ሲደውል እያቃሰተች ገና ነው ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አዲሱ ድልድል ደግሞ የሚወጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ደሜ ፈላ።

ቤት እንደገባን ልብሴን ሳልቀይር ጠርሙሱን አምጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩና ክፈቺው አልኳት። ክዳኑን ያዝ አደረገችና ፊቷን አጨማደደች፤ ያማል አለች። እኔ ስናደድ አፌ አይመረጥም። የስንት ዘመን ደም መጣጭ ገድሎ የመጣ ጣት የማርማላታ ክዳን አቃተው ወይ፣ እኔን ማታለልሽ ይሁን፣ መስመርሽን ለምን በገዛ እጅሽ ታስበያለሽ፣ ቲኬት መስኮቱ ከናፈቀሽ ለምን አትነግሪኝም እያልኩ አወረድኩባት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ጠርሙሱን አንስታ፣ ምንም ሳትቸገር፣ ጠምዘዝ አድርጋ ከፈተችውና ክዳኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ከዳነ ቆይቷል» አለችኝ። «እጄ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

 በጣቷ የክዳኑን ጠርዝ እየዞረች፣ ያን ቀን ከኋላዋ የሰማችውን ድምፅ ነገረችኝ። ሰው ሲወድቅ እንዴት እንደሚሰማ፣ መጀመሪያ ዕቃው ከዚያ ጉልበቱ፣ ከዚያ ደግሞ የመምህሩ ድምፅ። ሁሉም እግርሽ ይባረክ ይለኛል፣ እኔ ግን ፔዳሉን ባሰብኩ ቁጥር የምሰማው እሱን ነው አለች። ሌሊት ብቻ አይደለም፣ ቀንም ነው፤ ቁርስ ላይም ነው።

«ደግሞ መርገጥ ቢኖርብኝ ከኋላዬ ያሉትን አስቤ እለዝባለሁ። ይህን አውቀዋለሁ። ያኔ ጋሪው አይተርፍም» አለች። «እዚያ ግንብ ውስጥ እኮ ከኋላዬ ማንም የለም።»

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። አንጀቴን በላችው። ስንት ጊዜ ሙሉ ጀግና ናት እያልኩ በየደንበኛዬ ራስ ላይ ሳወራ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ያን ድምፅ ስትሰማ ኖራለች፤ እኔ ግን አላየሁም፤ በዚህም በጣም አዘንኩ። የሚመክር አንደበት አልተሰጠኝም። ፈተናው ላይ አብሬሽ እሄዳለሁ ብቻ አልኳት። አጠገቤ ትቀመጫለሽ? አለችኝ። አልቀመጥም፣ ከኋላሽ እቆማለሁ አልኳት። ፊቷን አዞረች፤ ግን እምቢ አላለችም።

ሰኞ ጠዋት ዴፖ ሄድን። የስምሪት ኃላፊው በፈተና ላይ ሌላ ሰው አይሳፈርም ብሎ ሊመልሰኝ ነበር፤ የሚስቱን ፀጉር የምሠራው እኔ መሆኔን አስታወስኩትና አንገቱን አከከ። ፈተናው ቀላል ነው። ከአደጋ በኋላ የሚመለስ ነጂ ግቢውን ይዞራል፤ ኃላፊው ከፊት ወንበር ተቀምጦ ሳያስጠነቅቅ ዳሽቦርዱን በመዳፉ ይመታል፤ ነጂው ያኔ ከፊቱ ያለው የፕላስቲክ ኮን ጋ ሳይደርስ መቆም አለበት። እኔን ተቀመጪ አለኝ። ወንበር አልወድም አልኩት። እህቴ በስፖኪዮው አየችኝ።

የመጀመሪያውን ዙር ስትነዳ ያላየ ሰው አይገባውም። ያ ቤት የሚያህል ነገር እጇ ውስጥ ሲገባ ሐር ሆነ። ሞተሩ እንኳ ደስ ያለው መሰለኝ። ኃላፊው ዳሽቦርዱን መታው። አውቶቡሱ ቀስ ብሎ፣ እንደ ድሮው፣ እንደ ስሟ፣ ለስለስ ብሎ ቆመ። እኔ ከቆምኩበት ንቅንቅ አላልኩም። ኮኑ ግን ከጎማው ሥር ነበር።

ኃላፊው ወደ እሷ አላየም። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ «ይሄ ጋሪውን ይመታል» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ እንድገም አለ።

ሁለተኛውን ዙር ስትጀምር መቀመጥ እችል ነበር። ጉልበቴ ለራሴ ውድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ የምሠራው በእሱ ነው። ግን እኔ ብቀመጥ እሷ ማን ከኋላዋ እንዳለ ረስታ ትረግጣለች፤ እኔ የፈለግኩት ሳትረሳ እንድትረግጥ ነው። በስፖኪዮው ውስጥ ዓይኗን ፈለግኩት። ሳገኘው ብረቱን ለቀቅኩ፣ እጆቼንም እንድታያቸው ከፍ አደረግኳቸው። ፍጥነቱ ጨመረ። ኃላፊው መታው።

ረገጠችው። እኔ አየር ላይ ነበርኩ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ። ቦርሳዬ ተከፍቶ ማበጠሪያዎቼ በመተላለፊያው ላይ እየተንሸራተቱ እስከ ፊት ሄዱ። አንድ ጉልበቴ ተልጦ ይቃጠላል፤ ከንፈሬን ነክሼው አፌ ደም ደም ይለኛል። አውቶቡሱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ኮኑ ከፊቱ፣ ከጎማው ራቅ ብሎ፣ እንዳለ አለ። 

«ተጎዳሽ?» አለችኝ። ወደ ኋላ አልዞረችም።

«አልተጎዳሁም።»

ውሸቴን መሆኑን አውቃለች፤ እህቴ ናት። እጇ ግን መሪው ላይ ጸንቶ ነበር። ኃላፊው በቃ፣ ፈተናው አልቋል፣ መስመሩ ያንቺ ነው እያለ ነበር። አልሰማችውም መሰለኝ።

«ቆመሻል?»

ወንበር ተደግፌ ተነሳሁ። «ቆሜያለሁ» አልኳት።

«ብረቱን ያዢ እንግዲህ» አለችና ማርሽ አስገባች።